ሰባት ቆርቆሮ

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። እኔ ግን አንድ ቀን ተኩል የሚፈጀውን መንገድ መረጥኩ። ጥር 18 ቀን 2006 ዓ.ም፣ እሑድ፣ የሰባር ጊዮርጊስ ዕለት ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ታናሽ እህቷን ጎንደር ላይ ስትድር ጠርታኛለች፤ ሠርጉ ሐሙስ ነው። ባሕር ዳር የመጣሁበት ስብሰባ ቅዳሜ ተጠናቀቀ። በዚያው ማታ ያረፍኩበት ሆቴል ዘበኛ በሳምንት አንድ ቀን ጣናን አቋርጣ ጎርጎራ የምትደርስ መርከብ እንዳለች ነገረኝ። «ዘጌን ነክታ፣ ደቅን ነክታ፣ ሌሊቱን ቁንዝላ ታድራለች» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ትኬቱና ስለ መነሻው ሰዓት የተናገረውን ደግሜ ማስነገር ነበረብኝ። ቁንዝላ ካለ ወዲያ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማም።

ቁንዝላ ከጣና በስተ ምዕራብ፣ በአቸፈር ምድር፣ ሐይቁ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እስከ ስምንት ዓመቴ ያደግሁት እዚያ ነው። አባቴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፤ እናቴ የቁንዝላ ልጅ። በ1972 ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ከነልጇ አረፈች። እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር። አያቴ ወሰደችኝ። እማማ ነበር የምንላት፤ መርከብ በመጣ ቁጥር ለመርከበኞችና ለመንገደኞች ጠላ ትሸጣለች። በ1977 አባቴ ወደ ደብረ ብርሃን ሲዛወር ይዞኝ ሄደ። የሄድነው በመርከብ ነው። እማማ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ እስከ ቅልጥሟ ውሃው ውስጥ ገብታ ቆማ ነበር። «ክረምቱ ሲወጣ ትመለሻለሽ» አለችኝ። እኔም አምኜ ጫማዬን እዚያው ትቼ ሄድኩ።

ለምን ሳልመለስ እንደ ቀረሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መንገዱንና ዘመኑን ሳሳብብ ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ልጅ ነበርኩ፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በ1983 ጎጃም የጦር ሜዳ በሆነበት ወቅት ፖስታም ሰውም አይደርስም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ሁሉ እፍረት ነው። አንድ ዓመት የዘገየ ሰው ባዶ እጁን መሄድ ያፍራል። አምስት ዓመት የዘገየ ደግሞ ምን ይዞ፣ ምን ብሎ ይሄዳል? በ1988 እማማ ማረፏን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰባት ወር በኋላ ደረሰን። በትምህርት ቤት ልጅ እጅ የተጻፈ፣ አራት መስመር ነው። «እማማ በጥቅምት አረፈች። ተዝካሯ በደንብ ወጣ። ያንቺም አልጎደለም። እታለም ነኝ።» ልቅሶ አልደረስኩም። በእኛ አገር ልቅሶ ያልደረሰ ዘመድ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «ያንቺም አልጎደለም» የሚለውን ደግሞ ለአሥራ ስምንት ዓመት እንደ ወቀሳ ሳነበው ኖርኩ። ምንም ሳላደርግ ምኔ ነው ያልጎደለው?

መርከቧ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሣች። ጭነቷ ጨው፣ ሳሙና፣ የቢራ ሣጥንና እስር እስር ቆርቆሮ ነው። ሰዉ በጭነቱ መካከል ባገኘው ቦታ ተቀምጧል፤ እኔም አንድ የጨው ጆንያ ጥግ አገኘሁ። የክብራንንና የእንጦስን ደሴቶች ወዲያው አለፍናቸው። ጣና ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ነው ሲባል በቁጥር አውቀው ነበር፤ ባሕር ዳር ከኋላችን እየቀጠነ ሄዶ ሲጠፋና ወደ ሰሜን ሲያዩ ውሃውና ሰማዩ አንድ ሲሆን ግን ቁጥሩን ረሳሁት። ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች እንጨት ተሸክመው ወደ ባሕር ዳር ይቀዝፋሉ። ከአንዱ ላይ የነበረ ልጅ የመርከቧ ማዕበል እንዳይገለብጠው የታንኳዋን አፍንጫ ቀጥ አድርጎ ወደ እኛ አዞራት። አጎቴ እንደዚያ ሲያደርግ ትዝ አለኝ።

ዘጌ ላይ ብዙ አልቆየንም። ጫካው እስከ ውሃው ይወርዳል። ከአጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ በዘጌ ምድር በሬ ተጠምዶ እንደማይታረስና አባ በትረ ማርያም በትራቸውን ቆራርጠው ሲተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ እንደበቀለ ለአንድ ወጣት ይነግሩታል። ይህን ታሪክ ከእማማ አፍ ሰምቼዋለሁ። ጌሾዋ ከዘጌ ነበር የሚመጣላት፤ በቅቤ ትለውጠው ነበር። በዚያች ቅጽበት፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የጌሾ ሽታ ከየት እንደ መጣ ሳላውቅ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

ከጨው ጆንያው ባለቤት ጋር የተነጋገርነው ከዘጌ በኋላ ነው። የቁንዝላ ነጋዴ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው። አገራችን እንግዳን ስትቀበል የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ እሷም ጠየቀችኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የእናቴን ስም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቁንዝላ በጋብቻ የመጣችው እናቴ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

«ያሉት ዘመዶችሽ እነማን ይባላሉ?»

«አክስቴ እታለም ናት፤ አጎቴ ደግሞ አያ።»

ዝም ብላ አየችኝ። «እህቴ፣ ቁንዝላ ውስጥ ታናሽ ያላት ሴት ሁሉ እታለም ናት። አያ የማይባል ወንድምስ የት አለ? የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ።»

አላውቀውም። ይህ ነገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ አእምሮዬ ውስጥ አልገባም ነበር። እኛ ቤት ታላቅ በስሙ አይጠራም። እማማ እማማ ናት፤ እታለም እታለም። ሰው ያደገበትን ቤት ሰዎች ስም ሳያውቅ ወጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለውም። አባቴ ቢኖር ያውቅ ነበር፤ እሱም በ1994 አርፏል። ጉሮሮዬ ደረቀ። ሌሊቱን ቁንዝላ አድሬ፣ በር ለበር «እታለም የምትባል» እያልኩ ስዞር ታየኝ።

ሴትየዋ ግን የዋዛ አልነበረችም። «ምልክት ንገሪኝ» አለች። ቤታቸው ከወደቡ ጥቂት ከፍ ብሎ ዋርካው ጋ እንደ ነበር፣ አያቴ ጠላ ትሸጥ እንደ ነበር፣ እናቴ የመምህር ሚስት እንደ ነበረች ነገርኳት። ለእያንዳንዱ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ለብዙ ቤት የሚሆን ምልክት ነው። በመጨረሻ አጎቴ ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ ዳጉሳ ጭኖ በታንኳ ሲመለስ ጉማሬ ገልብጦት እግሩን ሰብሮታል። እህሉ ሰጠመ፤ እሱ የተገለበጠውን ታንኳ ይዞ ሲዋኝ አደረ።

«ጉማሬ የጣላቸው!» ብላ ጉልበቴን መታችኝ። «የባለ ጉማሬው ቤት! ምነው ይህን መጀመሪያ ብትይ! ታላቅ እህታቸው እኮ የልጄ የክርስትና እናት ናቸው። አሉ። ሁለቱም አሉ።»

ደቅ ላይ መርከቧ አንድ ሰዓት ያህል ቆማ ጭነት ስታራግፍ እኔ ከተቀመጥኩበት አልተንቀሳቀስኩም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን በዓይኔ ለማየት ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደሴቲቱ ላይ ቆመን እንኳ ወዴት በኩል እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዳጋም ከዚያው አጠገብ ነው፤ እነ ዐፄ ፋሲለደስ ዐፅማቸው ያረፈበት። ሰዉ ሁሉ ወደዚያ እያየ ያማትባል። እኔ የማስበው «አሉ። ሁለቱም አሉ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጣና ከቀትር በኋላ ባሕርይው ይለወጣል። መርከቧ ስትወዛወዝ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ወደ 11 ሰዓት ሲጠጋ የምዕራቡ ዳር በደብዛዛው ታየ፤ የነጋዴዋም ስልክ ኔትወርክ ሲይዝ ድምፅ ሰጠ። ልጇ ጋ ደወለች። «ሩጥና ለእማማ እታለም ንገራቸው» ነበር ያለችው። ቁንዝላ ውስጥ ከስንት እታለም መካከል የእኛዋን እንዲህ ብሎ መጥራት እንደሚበቃ ያን ጊዜ ገባኝ።

መርከቧ ጡሩምባዋን ስትነፋ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደቡ ላይ ሸክም የሚጠብቁ ጎረምሶች፣ ልጆች፣ አህዮች። ከእነሱ በስተ ኋላ፣ ከዋርካው ቁልቁል አንዲት ቀጭን ሴት ትሮጣለች። ሁለት እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ፣ እንደ ወፍ ክንፍ ዘርግታ ነው የምትሮጠው። ስትቀርብ አየሁት፤ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። ቡኮ ላይ እያለች ነው ልጁ የደረሰባት። እጇን ለመታጠብ አልቆመችም።

ከፊቴ ስትደርስ ልብሴን ላለማበላሸት እጆቿን እንደ ዘረጋች ጉንጬን ሳመችኝ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ መቁጠሩን ተውኩት። ሊጡ እየደረቀ ከክርኗ ይረግፋል። እኔ አቀፍኳት። ሽታዋ ጭስና እርሾ ነው። ያን ጊዜ የተናገርኩት ቃል እስካሁን ይቆጨኛል።

«እርስዎ ደህና ነዎት?» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እኔን? እኔን ነው አንቱ የምትይኝ? እንዲህ ባዳ ሆንኩብሽ?» አለችና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

ቤት ስንደርስ ወዲያው ሰላምታ አልነበረም። አገሬው እንዲህ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ያልደረሰበትን ልቅሶ ሳያለቅስ አይቀመጥም። ጎረቤቱ ቀድሞ ተሰብስቧል። አያ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ የተሰበረውን እግሩን ዘርግቶ፣ ጋቢውን ከአንገቱ ወደ ወገቡ አውርዶ ይጠብቀኛል። እታለም እጇን ታጥባ መጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ምሰሶውን ያዘች። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ፤

ጣና ውሃው ሞልተህ ዳርህን አትልቀቅ፣
ዓይኗ እዚያ ነው ያለው ልጇን ስትጠባበቅ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። እማማ ካረፈች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልቅሶዋ ግን የዛሬ ነበር። ስለ እሷ ካለቀስን በኋላ ሁለተኛ ልቅሶ እንዳለ አላወቅኩም። እታለም ወደ ግድግዳው አሳየችኝ። የበኩር ልጇ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ጋቢ የተኛ፣ ጥጃ አብሮኝ የጠበቀ፣ በወታደር ልብስ ፎቶግራፉ ተሰቅሏል። በ1991 ባድመ ላይ ቀርቷል። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ጢም አለው። እኔ የማውቀው ልጅ የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር። የማላውቀውን ሰው እንዴት ብዬ ላልቅስ ብዬ ቆምኩ፤ በኋላ ግንባሩን አየሁት፤ ከዋርካው ላይ ወድቆ የተሰፋበት ጠባሳ አለ። ሲወድቅ አብሬው ነበርኩ። ያን ጊዜ ስለ እሱ አለቀስኩ።

ከዚያ ፊታችንን ታጠብን፣ ቡና ተፈላ፣ ሰው ሳቀ። እንዴት እንዲህ ቶሎ እንደሚሆን አላውቅም፤ ግን ይሆናል። ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየገቡ ይስሙኛል፤ «አታውቂኝም? ማር በጣት ያስላስኩሽ እኔ ነኝ እኮ!» ይላሉ። የእታለም ሴት ልጅ፣ እኔ ስሄድ ገና ያልተወለደች፣ ዶሮ አርዳ ወጥ ጣደች። አንድ ጎረቤት ቆሮሶ ዓሣ በደንገል አንጠልጥሎ አምጥቶ ለምድጃው ሰጠና ሳይቀመጥ ሄደ። የዳጉሳ ጠላ ቀረበ። «አፈር ስሆን» እየተባለ በላሁ፤ በቃኝ የሚለው ቃል እዚያ ቤት ሰሚ የለውም። አያ ብዙ አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ያን ሌሊት ታንኳውን ይዤ ሳድር፣ ዳር ላይ እሳት ይታየኝ ነበር፤ እማማ እሳት ስታነድ አድራ ነው። አንቺ እንጨት ስታቀብያት አድረሻል አሉኝ» አለ። እኔ አላስታውሰውም። የራሴን ሕይወት እነሱ ናቸው ያስቀመጡልኝ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ማታ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከቦርሳዬ ፖስታ አወጣሁ። ሁለት ሺህ ብር ነበር። ባሕር ዳር ላይ ሆኜ ያዘጋጀሁት፣ እውነቱን ለመናገር የእፍረቴ ዋጋ ነው። እታለም በእጇ መለሰችው።

«መጀመሪያ ሒሳብሽን ስሚ» አለች።

«የምን ሒሳብ?»

«የዳለቻ።»

ዳለቻ ላም ናት። እማማ ክርስትና በተነሣሁ ዕለት የሰጠችኝ ጊደር ነበረች። ልጅ ሆኜ «ያንቺ ላም» ሲሉኝ፣ ለሕፃን የሚባል ነገር ነው ብዬ ነበር የማምነው። እታለም በኩራዙ ብርሃን ቁርበቱ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቶቿን እያጠፈች ጀመረች። ዳለቻ አምስት ወለደች። የመጀመሪያዋ በሽታ ገደላት፤ «የእሷን ቆዳ እማማ ለደብሩ ሰጠች፣ በስምሽ።» ሁለተኛዋ መጋላ ናት፤ እሷን አቆይዋት፣ ወደ እሷ እንመለሳለን። ሦስተኛውና አራተኛው ወንዶች ነበሩ፤ አያ ጠምዶ አርሶባቸዋል፣ ስለዚህ ከየምርቱ የበሬ ድርሻ ነበረሽ፤ ያንን እማማ በሕይወቷ ሳለች ለድሃ ስትሰፍረው ኖራለች። አምስተኛው በ1981 የተወለደ ቡሬ ነው።

«ቡሬን በእማማ ተዝካር አረድነው» አለች። «ካህናቱ ቆመው፣ አገሬው ተቀምጦ፣ አያ ተነሥቶ ተናገረ። ‹ይህ በሬ ከሩቅ ያለችው የልጇ ልጅ ነው› አለ። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣት አለሽ። በደብዳቤው ጽፌልሽ አልነበር? ያንቺም አልጎደለም ብዬ።»

ለአሥራ ስምንት ዓመት ደብዳቤዋን ይዤ ኖሬአለሁ። ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ልቅሶ አልደረስኩም ብዬ ራሴን ስረግም፣ እነሱ እኔን ከለቀስተኛው መካከል ቆጥረውኝ፣ ድግሱ ላይ አስቀምጠውኝ፣ ምርቃቱንም ተቀብለውልኛል። መናገር አልቻልኩም። እታለም ግን ሒሳቧን ማቋረጥ አልፈለገችም፤ አራት ጣት ታጥፎ ነበር።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ለአሥራ አራት ዓመት የሰው ገንዘብ ገቢና ወጪ ስመዘግብ፣ ደረሰኝ ሳመሳክር ኖሬአለሁ። እንደዚያች ሌሊት የተሟላ ሒሳብ ሰምቼ አላውቅም። እታለም ማንበብ አትችልም። ዓመተ ምሕረቱን፣ የላሟን መልክ፣ ማን እንደ ገዛት፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደ ዋለ አንድ በአንድ ትጠራለች። በ1989 በመሬት ድልድሉ ጊዜ መሬታቸው ሲቀነስ ግጦሹም አብሮ ጠበበ፤ ከመጋላ ልጆች ሁለቱን ለመሸጥ ተገደዱ። «አንዷ ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ ዋለች። ይህ የእኛ ዕዳ ነው፤ ለአንቺ ያልተመለሰ ነው፤ ያዢው» አለች። በሁለተኛው ዋጋ ቆርቆሮ ተገዛ። የቀድሞው ቤት ሣር ክዳን ነበር። እጇን ወደ ጣሪያው አነሣች።

«ከበሩ በላይ ጀምረሽ ወደ ምሰሶው ቁጠሪ። ሰባቱ ያንቺ ነው።»

ቆጠርኩ። የኩራዙ ጭስ ሰባቱንም ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት አጥቁሯቸዋል። በዝናብ ጊዜ አንደኛው ሲያፈስ አያ ወጥቶ በሬንጅ ደፍኖታል፤ እሱንም ነገረችኝ። አሁን ያለችው የመጋላ ልጅ ጉራች ናት፤ ታልባለች፣ የሴት ጥጃ አላት። ስለዚህ በረት ውስጥ ሁለት አሉኝ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ልጽፈው ስል አያ ከመደቡ «ተዪው ልጄ፣ ሌሊቱ ሊነጋ ነው» አለኝ። እታለም ግን «ትጻፈው፤ እኔ ስሞት ማን ይነግራታል?» አለች። ስለዚህ ጻፍኩት። ገንዘቤን ለመስጠት ስሞክር እንደገና አልተቀበለችኝም። በኋላ ጠዋት ለአያ መድኃኒት ብዬ ለልጅቷ ሰጠኋት፤ እሷም ለእናቷ እንዳልነግር አስማለችኝ።

እኔና እታለም በአንድ ጋቢ ተኛን። አልተኛንም። ስለ እናቴ ጠየቅኳት። እናቴ መሳቅ ስትጀምር ማቆም እንደማትችል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስቃ ቄሱ እንዳስወጧት፣ ዋና የምትችል የሰፈሩ ሴት እሷ ብቻ እንደ ነበረች ነገረችኝ። አባቴ ስለ እናቴ አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም፤ ሐዘኑ አፉን ዘግቶት ኖሯል። «ስትስቂ እሷን ነሽ» አለችኝ በጨለማው ውስጥ። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሊለኝ የሚችል ሰው አጠገቤ አልነበረም።

የክርስትና ስሟን የጠየቅኳት ከዚያ በኋላ ነው። በጆሮዬ ነገረችኝ። ለእኔ የተሰጠ ነውና እዚህ አልጽፈውም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ ከጉራች ወተት የተናጠ ለጋ ቅቤ አምጥታ አናቴ ላይ አደረገችልኝ። «ያንቺው ነው» አለች። ሻሿን ፈትታ አሰረችልኝ። ጭብጦና ድርቆሽ በፌስታል፣ የቀረው ቅቤ በትንሽ ቅል። አያ ከቤት ብዙም አይወጣም፤ የዚያን ቀን ግን በበቅሎ ተጭኖ እስከ ወደቡ ወረደ። ወደ በረቱ ጎራ ብዬ ጉራችን በጀርባዋ ዳሰስኳት። የጥጃዋ ግንባር ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ።

12 ሰዓት ላይ መርከቧ ጮኸች። እታለም ወደ ውሃው አልገባችም። ከነጋዴዋ የጨው ጆንያ አንዱ ላይ ተቀመጠችና አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ደክሟት፣ እያየችኝ ቀረች። ሌሊቱን ሙሉ ሒሳብ ያወራረደ ሰው ድካም ነው። ስልክ ቁጥሬን ለልጅቷ ሰጥቻት ነበር።

ፀሐይ ከምሥራቅ በውሃው ላይ ስትወጣ ቅቤው መቅለጥ ጀመረ፤ በጆሮዬ ሥር፣ በአንገቴ ቁልቁል ወረደ። አልጠረግሁትም። እሰይ ደብርን አልፈን ደልጊ ስንቆም ስልኬ ጠራ። በስልክ መናገር ያልለመደ ሰው እንደሚጮኸው እየጮኸች ነው።

«ሰማሽ? አንዷን ዘልያታለሁ! ሌሊት ስቆጥር ዘልያታለሁ። ከመጋላ ሦስተኛዋ፣ ቀዮዋ፤ በ1999 ለልጄ ማጫ የሰጠናት። ወልዳለች፣ ሦስት ወልዳለች፤ እነሱ ጋ ናት። ያንቺ ናት። ወረቀቱን አውጪና ጻፊ።»

ጨው ላይ ተቀምጬ፣ በጉልበቴ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ጻፍኩ። ቀዮ፣ 1999፣ ሦስት ልጅ። «ጻፍሽ?» ትላለች። «ጻፍኩ እታለም» እላለሁ። «አንብቢልኝ እስቲ» አለች፤ ከዳለቻ ጀምሬ አነበብኩላት።